ኮምፒውተሬ ሥራ መሃል ላይ ድርግም ይልብኛል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ኮፒ ቤቷ

ሰላም ናችሁ? ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለችኝ። ዴስክቶፔን ያገለገለ ነው የገዛሁት፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ 7፣ 4790 ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም አላለም። ካለፈው ወር ወዲህ ግን ፎቶሾፕ ላይ ጉርድ ፎቶ ስሠራ ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ከዚያ ድርግም። ትናንት የአንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ሴቭ ሳላደርግ ጠፋብኝ። ልጁ ፊቴ ቆሞ 14 ገጽ እንደገና ጻፍኩ።

መብራት እንዳትሉኝ፤ አምፖሉ በርቶ፣ ኮፒ ማሽኑም እየሠራ ነው እሱ ብቻ የሚጠፋው። ወዲያው ሳበራው ዊንዶውስ እንኳን ሳይገባ ይጠፋል። ቡና ጠጥቼ ስመለስ ግን አንድ ሰዓት ያህል ይሠራልኛል። ያየው ልጅ "ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል፣ አዲስ ግዢ" አለኝ። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት እስቲ ምከሩኝ።

መልስ፦ የአጂፕ ልጅ

አቦ አትጨናነቂ። ጎኑን ክፈቺውና ቬንትሌተር ደቅኚበት። እኔ እንደዛ አድርጌ ዓመት ተጠቅሜያለሁ። የጅማ ሙቀት ነው።

መልስ፦ ተማሪው

የጅማ ሙቀት ቢሆን ጋምቤላ ውስጥ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ባልኖረ። ከፍታችን 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ትንሽ ሳሳ ይላል፣ ፋን ደግሞ በሳሳ አየር በደንብ አያቀዘቅዝም። ግን ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው፤ ማሽን አያጠፋም።

እህቴ፣ መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ክፈቺ። ምንም ሳትሠሪ ሲፒዩው (ማለት ፕሮሰሰሩ) 80፣ 90 ፐርሰንት ካሳየ ቫይረስ ሊሆን ይችላል። የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካበት በሚውል ማሽን ላይ ተደብቆ ክሪፕቶ (ዲጂታል ገንዘብ) የሚቆፍር ቫይረስ አይጠፋም።

መልስ፦ ጠጋኙ

ልጄ፣ ፓወር ሰፕላይ ለመግዛት አትቸኩዪ። መልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። ወዲያው ሲበራ የሚጠፋ፣ አርፎ ሲበራ ግን የሚቆይ ማሽን ብዙ ጊዜ በሽታው ሙቀት ነው። ግን አስቀድመን እንለካ። ኮር ቴምፕ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጫኚውና ሁለት ቁጥር ጻፊልኝ። አንዱ ምንም ሳትሠሪ፣ ሌላው ፎቶሾፕ ላይ እያለሽ። ያለ ሥራ ከ35 እስከ 50 ዲግሪ ቢሆን ጤና ነው። ሥራ ላይ 75፣ 80ም ቢደርስ አልደነግጥም። የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያ 100 ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እንደዚያም ሆኖ ካልበረደ ማሽኑ ይጠፋል።

የአጂፑ ልጅ ያለሽ ለመድኃኒት አይሆንም፣ ለምርመራ ግን ግሩም ነው። ጎኑን ክፈቺና እንደገና ለኪ። 10፣ 15 ዲግሪ ከወረደ ኬዙ አየር አጥሮታል ማለት ነው። ካልወረደ ጣጣው ሂትሲንኩ (ከፋኑ ሥር ያለው፣ ሙቀቱን የሚስበው ብረት) እና ፕሮሰሰሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ "ካለፈው ወር ወዲህ" ብለሻል። ካለፈው ወር በፊት ምን ተነካ?

ኮፒ ቤቷ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ምንም ሳልሠራ 71፣ ፎቶሾፕ ላይ 99። ጎኑን ስከፍተው የወረደው 3 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፒዩው ግን 4 ፐርሰንት ላይ ነው፤ ቫይረስ አይመስልም።

ውስጡን ሳይ ደነገጥኩ። ፋኑ ሥር፣ ሂትሲንኩ ላይ፣ እንደ ብርድ ልብስ የተጋገረ አቧራ አለ። ከላዩ ደግሞ ቡናማ ብናኝ። ከፊት ለፊቴ ቡና መፈልፈያ አለ፤ የገለፈቱ ብናኝ በሩን አልፎ ይገባል። ኬዙም የተቀመጠው መሬት ላይ ነው።

የተነካ ነገር? የለም። ያው ባለፈው ወር ሱቅ ስቀይር በባጃጅ አዛውሬዋለሁ።

መልስ፦ የፈረንጅ አራዳ ጌም ቤት

በፕሮሰሰሩና በሂትሲንኩ መሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ደርቆ ነው። ፔስት ካጣሽ የጥርስ ሳሙና ቀቢበት፣ እኛ ሞክረነዋል፣ ይሠራል።

መልስ፦ ጠጋኙ

የጥርስ ሳሙናው ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ አልዋሽም። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ግን እንደ ኖራ ይደርቅና ከበፊቱ ይብሳል። ጌም ቤቱ አሁን በወር ስንት ጊዜ እንደሚቀባ ይንገረን።

"ያው በባጃጅ" ያልሽው ነገር ጆሮዬን አቁሞታል። ግን በአቧራው እንጀምር። አጥፊው፣ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ ማብሪያውን አንዴ ተጫኚ። ወደ ውጭ አውጪው፤ እዚያው ካራገፍሽው ብናኙ ኮፒ ማሽንሽ ውስጥ ይገባል። በሰውነትሽ ያለው ኤሌክትሪክ እንዲወጣ የኬዙን ብረት ነክተሽ ጀምሪ። በአዲስ የቀለም ብሩሽ አራግፊ፣ ብሎወር ካገኘሽም ንፊበት። ስትነፊ የፋኑን ክንፍ በጣትሽ ያዢው። በነፋሱ ሲሽከረከር ደስ ይላል፣ ግን መሽከርከሪያው ይበላሻል።

ከዚያ መልሰሽ ለኪ። ብዙ ካልወረደ ሂትሲንኩን እናወርዳለን።

ኮፒ ቤቷ

ጠረግኩት። አሁን 63 እና 94። አልጠፋም፣ ግን አላመንኩትም።

መልስ፦ ጠጋኙ

እኔም አላምነውም። ፔስት ግዢ። ማጽጃ አልኮል ከፋርማሲ ውሰጂ፣ የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፤ ግሊሰሪን ስላለበት ቅባት ይተዋል። (አረቄ የሚያመጡልኝ ደንበኞችም ነበሩኝ። ያ ለጠጋኙ ነው የሚሆነው።)

ማሽኑን አሥር ደቂቃ አሠሪውና አጥፊው፤ ፔስቱ ሞቅ ሲል ይላቀቃል። የፋኑን ገመድ ከማዘርቦርዱ (ፕሮሰሰሩ ከተቀመጠበት ዋናው ሰሌዳ) ንቀዪ። ከኢንቴል ጋር የሚመጣው ሂትሲንክ አራት የላስቲክ እግር አለው። የእያንዳንዱን ጭንቅላት ቀስቱ ወደሚያሳየው አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሪና ወደ ላይ ሳቢ። አትንጠቂው። ግራ ቀኝ ጠምዘዝ እያደረግሽ አንሺው። ስታነሺው ከማጽዳትሽ በፊት የፔስቱን አሻራ እዪልኝ፤ ሁሉንም የሚናገር እሱ ነው።

ኮፒ ቤቷ

ጋሼ! አሻራው በአንድ ወገን ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ፔስቱ ተጨፍልቆ ስስ ሆኗል። በግራ በኩል ግን እንዳለ ወፍሮ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በግራ ከላይ ያለው እግር ደግሞ ሳላዞረው ነው ብድግ ብሎ እጄ ላይ የመጣው።

መልስ፦ ጠጋኙ

አገኘነው። ያ እግር የተነቀለው ባጃጁ ኮብልስቶን ላይ ሲዘል ነው። ሂትሲንኩ ከበድ ይላል፣ ያቺን ላስቲክ ደግሞ የያዛት ጫፏ ብቻ ነው። አንድ ጥግ ከተነሳ ፕሮሰሰሩን በግማሽ ነው የሚነካው። የዚህ ፕሮሰሰር የ84 ዋት ሙቀት በግማሽ በር መውጣት አይችልም። ጎኑን ስትከፍቺ ቁጥሩ አልወርድ ያለውም ለዚህ ነው።

ሁለቱንም ፊት በአልኮልና በንጹሕ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ጥረጊ። ፔስት የአተር ክክ የምታክል፣ መሃል ላይ ብቻ። በጣትሽ አትለቅልቂው፤ ሂትሲንኩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል። የእግሮቹን ጭንቅላት ወደነበሩበት መልሺ። ከዚያ አንዱን እግር፣ ቀጥሎ በሰያፍ ትይዩ ያለውን ተጫኚ። "ቋ" ካላለ አልገባም። ስትጨርሺ በማዘርቦርዱ ጀርባ የአራቱም ጫፍ ወጥቶ መከፈቱን በእጅ ባትሪ እዪ። የፋኑን ገመድ "ሲፒዩ ፋን" የሚለው ላይ መመለስ እንዳትረሺ። አንዴ እኔው ረስቼ ደንበኛ ፊት አፍሬያለሁ።

እግሩ ከተሰበረ ግን በሽቦ እንዳታስሪው። ከሞተ ማሽን ላይ አንድ ሂትሲንክ ብታገኚ ይሻላል፣ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ (እሱንም ሶኬት ይሉታል) 1150 ለሚባለው የሚሆን ይሁን።

መልስ፦ ተማሪው

ፔስቱ እስኪመጣ ሥራ እንዳይቆምብሽ፣ ሂትሲንኩን አራቱም እግሮች "ቋ" እስኪሉ መልሰሽ ግጠሚና በዊንዶውስ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 ፐርሰንት ዝቅ አድርጊው። ቱርቦው፣ ማለት ሥራ ሲበዛ ፍጥነት የሚጨምረው ነገር፣ ይጠፋል። ከ4.0 ወደ 3.6 ጊጋኸርዝ ነው የሚወርደው፤ ወርድ ላይ አይታወቅሽም። ሙቀቱ ግን በደንብ ይቀንሳል።

ኮፒ ቤቷ

እግሩ አልተሰበረም። ሦስቱ ወዲያው "ቋ" አሉ፤ አራተኛው ላይ ማዘርቦርዱ ሲጎብጥ ሳይ ልቤ ቀጥ ብላ ነበር። ግን ገባ። አሁን ምንም ሳልሠራ 39፣ ፎቶሾፕ ላይ 67። ፋኑ መኖሩንም ረስቼዋለሁ። ኬዙን ዱካ ላይ አውጥቼዋለሁ። በስንት ጊዜው ነው የማጸዳው?

መልስ፦ ጠጋኙ

ሌላ ሰው በሦስት በአራት ወር ይበቃዋል። አንቺ መፈልፈያ ፊት ለፊትሽ ስላለ፣ ቡና በሚፈለፈልበት ወቅት በወር አንዴ ክፈቺው። ፔስቱን ግን ለዓመታት አትንኪው። ደግሞ ሱቅ ከቀየርሽ ኬዙን አስተኝተሽ፣ ማዘርቦርዱን ወደ ታች አድርገሽ፣ ጭንሽ ላይ ይዘሽው ሂጂ።

ኮፒ ቤቷ

እሺ ጋሼ። ፓወር ሰፕላዩንም አልገዛሁም። ልጁ ጽሑፉን ሊወስድ ነገ ይመጣል፤ ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጬለታለሁ።