ከለገጣፎ ወደ ዛንዚባር፦ በምን እንሂድ፣ እዚያስ በምን እንዙር?

ለዚህ ክረምት የታንዛኒያዋን ደሴት ዛንዚባርን ያሰባችሁ የለገጣፎና የአያት ጎረቤቶቼ፣ ሁላችሁም የምትጠይቁት ስለ ትኬት ነው። እኔ ግን ከትኬቱ በፊት የምታርፉበትን የባሕር ዳርቻ ምረጡ እላለሁ። የመኪና ወጪያችሁም፣ የምትዋኙበት ሰዓትም የሚወሰነው በእሱ ነው።

ወቅቱን ጥሩ መርጣችኋል። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ጭቃ ሲሆን እዚያ ደረቅ ነው። ከባዱ ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ቀለል ያለው ደግሞ ኅዳር አካባቢ ይመጣል።

ወደ ዳርቻዎቹ ልመለስ። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ አሉ። በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ፓጄና ጃምቢያኒ። ፎቶ ላይ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ። ልዩነቱ የሚታየው ባሕሩ ሲጎድል ነው። ምሥራቁ ላይ ውኃው ተሰብስቦ በጣም ርቆ ይሄዳል። ለሰዓታት መዋኘት አይቻልም። ሴቶቹ ወደ ባሕር አረም ማሳቸው የሚወርዱት ያኔ ነው፤ አብሮ ወርዶ ማየቱ ደስ ይላል። በቀን ሁለቴ ይጎድላል፣ ሁለቴ ይሞላል፤ ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ይገፋል። ስለዚህ የምትሄዱበትን ሳምንት ሰንጠረዥ ኢንተርኔት ላይ አይታችሁ ያዙ። ሰሜኑ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ለማለት ይቻላል፣ ይዋኛል። ልጆች ላላችሁ፣ ወይም ባሕር ለማታውቁ፣ ኬንድዋን ነው የምመክረው። ለራሴ ከሆነ ጃምቢያኒን እመርጣለሁ፤ ጸጥታው ልብ ያሳርፋል።

አካሄዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ በቀጥታ፤ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለተኛው እስከ ዳሬሰላም በርሮ ከወደቡ በፈጣን ጀልባ መሻገር። አዛም ማሪን በሁለት ሰዓት አካባቢ ያደርሳል። ዳሬሰላም ጉዳይ ካላችሁ ያዋጣል። ከሌላችሁ ግን ለታክሲውና ለጀልባው ስትከፍሉ ትርፉ ያልቃል። በክረምታችን ወራት ደግሞ የደቡቡ ነፋስ ስለሚበረታ ጀልባው ይንጣል፤ መኪና የሚያስመልሳችሁ ሰዎች ቀጥታውን ያዙ።

ከለገጣፎ ቦሌ መድረስም ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ርካሹ በሚኒባስ መገናኛ፣ ከዚያ ቦሌ ነው፤ ትልቅ ሻንጣ ከያዛችሁ ግን የአንድ ሰው ሒሳብ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በመተግበሪያ የሚጠሩት መኪኖች ቀን ላይ ጥሩ ናቸው። ሌሊት ግን ለገጣፎ ሲባል ብዙ ሾፌር ይሰርዛል፤ ከከተማ ዳር ባዶውን መመላለስ አይፈልግም። ለሌሊትና ለማለዳ በረራ የሰፈር ሾፌር በዋዜማው በቁርጥ ዋጋ መያዝን የሚያክል የለም።

ደሴቷ ላይ ስትደርሱ ታክሲዎቹ ሜትር የላቸውም። ሻንጣ ከመጫናችሁ በፊት ዋጋ ቁረጡ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ኑንግዊም ሆነ ፓጄ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ በለጥ ያለ መንገድ ነው። እንግዳ ማረፊያው መኪና እንዲልክላችሁ ማድረግ ለመጀመሪያው ቀን ይሻላል። ከዚያ በኋላ ዳላዳላ ሞክሩ። የእነሱ ሚኒባስ ነው፤ ረዳቱም፣ መጠጋጋቱም፣ ፖርቶመጋላው ላይ የሚጫነውም ዕቃ የእኛኑ ይመስላል። 116 ቁጥር ከዛንዚባር ከተማ ኑንግዊ ይወስዳል። ርካሽ ነው፣ ግን ይዘገያል፣ ሲመሽም ይጠፋል።

ስኩተር ኪራይን አልመክርም። መንገዱ በግራ ነው የሚነዳው፤ ፖሊስም በየኬላው የዛንዚባር መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ስትሻገሩም መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ፤ ልጆቻችሁን በተለይ። ስቶን ታውን ውስጥ ግን እግር ይበቃል። ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ አሮጌ ከተማ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ መኪና ብዙው ቦታ አይገባም። እዚያና በመንደሮቹ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን፤ ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ቤታቸው ነው።

ሾፌር ስትቀጥሩ ደግሞ አንድ ነገር አረጋግጡ። እነሱም በስዋሂሊ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ማለት የእኛው ሁለት ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን ስምንት ይሉታል።

ወረቀቱን በጊዜ ጨርሱ። ቪዛው ከትኬት በፊት ይቅደም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ተከተቡ። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የዛንዚባር ኢንሹራንስ ኮርፖሬሽንን የጉዞ ዋስትና እንዲገዛ ግዴታ ሆኗል። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ሌላ ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም አይቀርም።

ዕቃ ስትሸክፉ ፌስታል እንዳትይዙ፣ እዚያ የተከለከለ ነው፤ የጨርቅ ቦርሳ ይሁን። ለባሕሩ ደግሞ ነጠላ ጫማ ውኃ ውስጥ ስለሚወልቅ ኮንጎ ጫማ ግዙ። ከመርካቶ በርካሽ ይገኛል። ምሥራቁ ላይ ድንጋዩ መሃል እሾሃቸው እግር የሚወጋ ጥቁር የባሕር እንስሳት አሉ፤ ለውኃ ተብሎ በውድ ከሚሸጠው ጫማ ይልቅ ኮንጎው ይበቃችኋል።