እናቴን በዊልቸር ዑራ ኪዳነ ምሕረት እንዴት ላድርሳት?

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ በተለይ ዘጌን የምታውቁ፣ እስቲ አማክሩኝ። እናቴ ጉልበቷን ታማ በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። ምኞቷ ጣና ዳር ዘጌ ያለውን የዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ተሳልማ፣ የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕሎች ማየት ነው።

ጀልባው ላይ ማውጣቱን እንደምንም እንወጣዋለን። ከሰዓት ጣናን ንፋስ ስለሚያናውጠው በጠዋት እንሄዳለን። ጭንቄ ከወረድን በኋላ ነው። በቡናው ጫካ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ዳገት ነው፤ ድንጋይና ሥር ይበዛዋል። የዊልቸሩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች እዚያ መሀል ይሰነቀራሉ። አንድ ባለጀልባ ጠይቄ «ችግር የለም፣ እንሸከማታለን» አለኝ። እሷ ግን «በቁሜ በቃሬዛ ልትወስዱኝ ነው?» ብላ አሻፈረኝ አለች። እውነቷን ነው።

በመኪና ዘጌ ድረስ ብንሄድስ? ከቆመበት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ምን ያህል ይቀራል? በቅሎ የሚያከራይ ይገኛል? በሩ ላይስ ደረጃ አለው?

ከሌሎቹ የጣና ገዳማት ክብራን ገብርኤል ቅርብ ነበር፤ ግን ሴት አይገባበትም። እንጦስ ኢየሱስ ሴቶችም ይገባሉ፣ ዳገቱን ግን አላየሁትም። ናርጋ ሥላሴ ደግሞ ደቅ ደሴት ድረስ ነው፤ ለእሷ ጉዞው ይረዝማል።

አካል ጉዳተኛ ወይም አቅመ ደካማ ይዞ የሄደ ካለ፣ በየት በኩል እንደገባችሁ ንገሩኝ። ለጥቅምት አስበናል፤ ጭቃው እስከዚያ ይደርቃል?