የቬንቲሌተር ሥልጠና ፕሮፖዛል፦ አስተያየት እስከ ዓርብ

ጸሐፊ፦
ረቂቁ ዓርብ 11 ሰዓት ይገባል። ጣሪያው 400 ሺህ ብር ነው። ዓላማው የተስማማንበት ነው፤ በዞናችን ቬንቲሌተር (የማስተንፈሻ ማሽን) የሚነኩ ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ሳንባ ሳይጎዱ ማስተንፈስን የሚማሩበት የ5 ቀን ሥልጠና። እንደ አምናው ዕቃ ገዝተን በካርቶን የምናስቀምጥበት እንዳይሆን።

ሲስተር፦
የችግሩን ክፍል ጽፌያለሁ። ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚሰጠው መጠን ከታካሚ ታካሚ 500 ሚሊ ሊትር ላይ እንደቆመ ያልፋል። ቁመቷ 150 ሴንቲ ሜትር የሆነች እናት በቁመት ስሌት 43 ኪሎ ገደማ ናት። ሚዛን ላይ 70 ብትሆንም ሳንባዋ አብሮ አይሰፋም። ስለዚህ 500 ለእሷ በኪሎ 11.5 ሚሊ ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው የአሜሪካ ጥናት 861 የኤአርዲኤስ (ሳንባ በድንገት በብግነት ውኃ የሚሞላበት ከባድ ሕመም) ታካሚዎች ለሁለት ተከፍለው ነበር። በኪሎ 12 ከተሰጣቸው 39.8 በመቶ ሞቱ፤ በኪሎ 6 ከተሰጣቸው 31 በመቶ። እኛ እስከ ዛሬ የምንሰጠው ብዙ ሰው የሞተበትን ነው። የእሷ ልክ 260 ነበር። ቁመት ካልተለካ ስሌቱ ስለማይጀመር 24 የልብስ ሰፊ ሜትር በጀት ውስጥ አስገብቻለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ሜትሩ ይውጣ። የብር ጉዳይ አይደለም። የተኛ ሰው ከራሱ እስከ እግሩ በሜትር ሲለካ ቤተሰቡ ቢያይ ምን ይላል? እኛ አገር ተኝቶ የሚለካ ለሳጥን ነው።

የመሐል ሜዳው፦
ልክ ነው። መንዝ ውስጥ እናት ፊት ልጇን ብትለካ ደረቷን ትደቃለች።

ሲስተር፦
ቤተሰብ ውጡ ይባላላ።

የመሐል ሜዳው፦
ቢወጣስ በመስኮት አያይም? ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ግቢው ይደርሳል።

የደብረ ሲናው፦
ቁመቱን ቤተሰብ ይጠየቅ።

ሲስተር፦
ጠይቄ አውቃለሁ። «ረጅም ነው» ነው መልሱ።

ዶክተር፦
በሜትር ስንነታረክ ዋናው ነገር እንዳይጠፋን። የታመመ ሳንባ እኩል አይታመምም። ጀርባው በኩል ውኃ ሞልቶ ተደፍኗል፤ አየር የሚገባበት የቀረው የሕፃን ሳንባ የሚያክል ነው። የጎልማሳ ትንፋሽ ሲጨመር ሁሉም እዚያች ላይ ይወርድና ከአቅሟ በላይ ትለጠጣለች። ከተደፈነው ጋር የሚዋሰነው ደግሞ በየትንፋሹ ሲከፈትና ሲዘጋ ይላጣል፤ ፒፕ (ትንፋሽ ወጥቶ ሲያልቅም ሳንባ ውስጥ የሚቆይ ግፊት) የምንሰጠው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ነው። የተለጠጠው ሕዋስ ኢንተርሉኪን 6ና 8 የሚባሉ ብግነት ቀስቃሾችን ይረጫል፤ ብግነቱ ወደ ደም ይገባል፤ ቀጥሎ ኩላሊት ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ራኒየሪና ባልደረቦቹ ይህንኑ አሳይተዋል፤ በጥንቃቄ የተነፈሰላቸው ታካሚዎች ሳንባና ደም ውስጥ የብግነት ምልክቱ ቀነሰ። ሳንባ ቢፈነዳ ራጅ ያሳየናል። ይህን ግን ራጅ አያሳይም፤ «በሽታው ጠናበት» እንላለን። ማሽኑን ያስተካከልነው እኛ ነን። ፕላቶ ፕሬሸር (አየር ገብቶ ሲቆም ሳንባ ውስጥ ያለው ግፊት) ከ30 ሴንቲ ሜትር ውኃ እንዳያልፍ፣ ከፒፕ ጋር ያለው ልዩነትም ከ15 በታች እንዲሆን መጠበቅ በእጅ ካልተለማመዱት በወረቀት አይገባም። አምስት ቀን ያልኩት ለዚህ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ዶክተር፣ ያሉት ገብቶኛል። ሜትሩ ግን ይውጣ።

ሲስተር፦
ጋሼ፣ እርስዎ አይሲዩ ገብተው ያውቃሉ? ሌሊቱን ሙሉ አላርም ሲጮህ ቆመው ያውቃሉ? ሰው እየሞተ ስለ ሜትር እናወራለን!

ገንዘብ ያዥ፦
አባቴን ከአይሲዩ ነው በሳጥን ያወጣሁት። ገና ትንፋሹ ሳይቆም ሜትር የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ፊቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሲስተር፦
ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። አላወቅሁም።

ገንዘብ ያዥ፦
አንቺ ምን አደረግሽ ልጄ። አለፈ።

ባዮሜዲካል፦
ከክርን እስከ እጅ አንጓ ለክቶ ቁመት መገመት ይቻላል። ክንድ ሲለካ ማንም አይደነግጥም። ሠንጠረዡን እስከ ረቡዕ አደርሳለሁ።

ዶክተር፦
ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይስታል፤ ከዓይን ግምት ግን በእጅጉ ይሻላል።

የመሐል ሜዳው፦
ወይም የአልጋው ጠርዝ ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት ይደረግ። ነርሷ ቆማ ታነባለች፤ ሜትር የሚባል የለም።

ገንዘብ ያዥ፦
ይኼ ይሁን! በዚህ እፈርማለሁ።

የደብረ ሲናው፦
የቱ አልጋ ላይ? እኛ ጋ ያለው ራስጌው እንኳ አይነሳም።

ዶክተር፦
ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ መነሳቱ ከቬንቲሌተር ጋር ለሚመጣ የሳንባ ምች መከላከያ ነው። ይህም እውነት ነው።

ውጭ አገር ያለው፦
አልጋ ከሆነ እዚህ ካለነው ለ4 አሰባስባለሁ። ለሥልጠና ብዬ ስጠይቅ አንድም ሰው አልሰጠኝም። አልጋ ያያሉ፣ ይነካሉ።

የሸዋ ሮቢቱ፦
4ቱ ደብረ ብርሃን ሊቀሩ ነው? ሁልጊዜ ጣርማ በርን የሚወርድልን ወረቀት ብቻ ነው።

የደብረ ሲናው፦
6 ይሁንና ለሁላችንም ይድረስ።

ጸሐፊ፦
6 አልጋ ከነማጓጓዣው ከገባ ለሥልጠናው የሚተርፈው የ1 ቀን ነው።

ዶክተር፦
በ1 ቀን የትኛውን ልተው? ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ኦክስጅን መጠኑ ሸዋ ሮቢት እንደሚነበበው አይነበብም። የደም ኦክስጅንን 98 በመቶ ለማድረስ ሲሉ ግፊት የሚጨምሩ አይቻለሁ፤ ከ88 እስከ 95 ይበቃል። እ.ኤ.አ. የ2012ቱ የበርሊን የኤአርዲኤስ መለኪያም ከ1,000 ሜትር በላይ ላለ አገር ማስተካከያ አለው። በደረት የማስተኛትስ? እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የፈረንሳይ ጥናት በ28 ቀን ሞትን ከ32.8 ወደ 16 በመቶ ነው ያወረደው። አልጋ ይህን አያስተምርም።

የሸዋ ሮቢቱ፦
ዶክተር፣ ሥልጠናው ለከርሞ ይቀጥላል። አልጋው ዘንድሮ ካልተያዘ አይገኝም።

ሲስተር፦
ለከርሞ ያልነው አምናም ነበር።

ጸሐፊ፦
ባዮሜዲካል፣ ረቡዕ አለፈ። ሠንጠረዡስ?

ጸሐፊ፦
ባዮሜዲካል?

ሲስተር፦
እኔው ጻፍኩት። በኪሎ 6 ሂሳብ ነው። ሴት፦ 150 ሴንቲ ሜትር 260፣ 155 ለሆነች 287፣ 160 ከሆነች 314 ሚሊ ሊትር። ወንድ፦ 165 ለሆነ 369፣ 170 ከሆነ 396፣ 175 ከሆነ 423። ትንፋሹ ሲያንስ የደቂቃውን ቁጥር ከፍ አድርጉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ትንሽ ቢጨምር አትደንግጡ። አንድ ቀን ከሰጣችሁኝ ኢንስፓይራቶሪ ሆልድ (የገባውን ትንፋሽ ለአፍታ የሚያቆመውን ቁልፍ) ተጭኖ ፕላቶ ማንበብን ብቻ አስተምራለሁ፤ እያንዳንዱ ሰው በራሱ እጅ።

ገንዘብ ያዥ፦
ማተሚያውን ከኪሴ እከፍላለሁ። ላሚኔት ይደረግና በየማሽኑ ላይ ይለጠፍ። የክንዱንም ጨምሪበት።

ሲስተር፦
እጨምራለሁ ጋሼ።

ጸሐፊ፦
ርዕሱ «የአይሲዩ አልጋ አቅርቦትና ሥልጠና» ተብሎ ተስተካክሏል። የአልጋ ፕሮፎርማ 3 ያስፈልጋል፤ የደረሰኝ 1 ነው። ነገ እስከ 6 ሰዓት ማን ያመጣል?