ወንዱ ውሻ ማስረገዝ አልቻለም፤ ምርመራው ከየት ይጀመር?

ጠያቂ፦
ጀርመን ሼፐርድ ነው፣ 4 ዓመቱ። ሴት ላይ በደንብ ይወጣል፣ ተጣብቀውም ይቆያሉ፤ ግን አያረግዙም። ሴቶቹ ከሌላ ወንድ የወለዱ ናቸው። አንድ ክሊኒክ ናሙና ወስዶ «ስፐርም የለውም፣ መካን ነው» አለ። በዚህ ይወሰናል?

የእንስሳት ሐኪም፦
በአንድ ናሙና አይወሰንም። መጀመሪያ የብሩሴላ ካኒስ (ውሻን የሚያመክን ባክቴሪያ) የደም ምርመራ ያሠሩ፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ሌላ ሴት አያስነኩት። በዘር ፈሳሽና በሽንት ይተላለፋል፣ ሰውንም ይይዛል፤ ስለዚህ ያለ ጓንት አይነካካ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኔጌቲቭ ሊያሳይ ስለሚችል ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ይደገም። ፈጣኑ ምርመራ ፖዘቲቭ ቢልም በሌላ ዘዴ ይረጋገጥ፤ በሐሰት ፖዘቲቭ የሚወጣው ብዙ ነው።

ከዚያ ቆለጦቹ በእጅ ይዳሰሱ። ለስልሰው ካነሱ ሥራቸው ተዳክሟል ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከጠጠረ ዕጢ ይጠረጠራል፣ አልትራሳውንድ ይታይ። ኤፒዲዲሚሱ (ቆለጡ ላይ ተጣብቆ ያለው፣ ስፐርም የሚበስልበት ቱቦ) አብጦ ካመመው ብሩሴላን አስቡ።

ላብራቶሪ፦
«የለውም» ያሉት የትኛውን ፈሳሽ አይተው ነው? ሦስት ክፍል አለው፦ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ፣ ቀጥሎ ወተት የመሰለው (ስፐርሙ ያለው እሱ ላይ ነው)፣ መጨረሻ ላይ ከፕሮስቴት የሚመጣው ብዙና ንጹሕ ፈሳሽ። ውሻው ፈርቶ ሁለተኛውን ካልሰጠ ባዶ ይገኛል። የምትፈልግ ሴት አጠገቡ ትሁን፣ ወለሉም አያንሸራትት።

የፈሳሹ አልካላይን ፎስፋቴዝ (ከኤፒዲዲሚሱ የሚመጣ ኢንዛይም) ይለካ። በሊትር ከ5000 ዩኒት በላይ ሆኖ ስፐርም ከሌለ ችግሩ ከቆለጡ ነው። በጣም ዝቅ ካለ ወይ ውሻው ፈሳሹን ሰጥቶ አልጨረሰም፣ ወይ ቱቦው በሁለቱም ወገን ተዘግቷል። ወዲያው ሽንቱም ይታይ፤ ስፐርሙ ወደ ፊኛ ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ስላይዱ 37 ዲግሪ ይሁን። ቀዝቃዛ ስላይድ ላይ ደኅናውም የሞተ ይመስላል። 70 በመቶው ወደ ፊት ከዋኘና በጠቅላላው ከ300 ሚሊዮን ካላነሰ ደኅና ነው።

ጠያቂ፦
ለቆዳው ፕሬድኒሶሎን (የስቴሮይድ መድኃኒት) ለረጅም ጊዜ ወስዷል። ያገናኘዋል?

የእንስሳት ሐኪም፦
በጣም! የስፐርም ምርትን ይቀንሳል። ግን በአንዴ አያቋርጡት፣ መጠኑን ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያውርደው። ስፐርም ለመሠራት 62 ቀን ያህል፣ ኤፒዲዲሚሱን ለማለፍ ደግሞ 2 ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ 3 ወር ሳይሞላ የሚወሰድ ናሙና ስለ ዛሬው ቆለጥ አይናገርም። «ወኔ እንዲያገኝ» ተብሎ ቴስቶስቴሮን (የወንድ ሆርሞን) እንዳይወጉት፤ እሱ ራሱ ምርቱን ያቆማል።

አርቢ፦
ናሙናው ከተስተካከለ በኋላ ሴቷን በቀን ቆጠራ አታገናኝ፣ በደሟ ያለውን ፕሮጄስትሮን (የሴት ሆርሞን) አስለካ። 5 ናኖግራም በሚሊሊትር አካባቢ እንቁላል ይወጣል፤ ለመብሰል ግን 2 ቀን ይፈልጋል።