ሾርት ቱካኖ በ1/72፦ ክብደት፣ ዲካልና ፕሮፔለር

ጥያቄ፦ የእንግሊዝ አየር ኃይል ማሠልጠኛ አውሮፕላን የነበረውን ጥቁር ቱካኖ በፕላስቲክ ሞዴል (1/72፣ ከእውነተኛው 72 ጊዜ ያነሰ) ልሠራ ነው። ጭራው መሬት እንዳይነካ አፍንጫው ውስጥ ስንት ግራም ልክተት? ነጩ ዲካል (በውኃ ነክረን የምንለጥፈው ምልክት) ጥቁሩ ላይ ለምን ብርማ ይሆናል?

መልስ 1፦ ግራሙን ለካው እንጂ ከሰው አትቀበል። አካሉን ሳታጣብቅ ሁሉንም በፕላስተር ያዝ፣ ክንፉን ዋናዎቹ ጎማዎች በሚያርፉበት መስመር በሁለት ስንጥር ላይ አስቀምጥ፤ አፍንጫው እስኪያዘነብል የእርሳስ ብረት ጨምር፣ ከዚያ 2 ግራም ትርፍ። የአብራሪውን ክፍል መስታወት በሱፐር ግሉ አትንካው፣ ጭሱ ነጭ ያደርገዋል። ነጭ ኮላ ይበቃል።

መልስ 2፦ ብርማው ነገር አየር ነው። ቀለሙ ሸካራ ከሆነ ዲካሉ ሥር አየር ይቀራል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታያል። ሦስት ስስ ሽፋን ቀባ፣ 48 ሰዓት ይድረቅ፣ በ2000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በውኃ አለስልስ፣ አንጸባራቂ ቫርኒሽ ጨምር። ከዚያ ዲካሉን በማለስለሻ ፈሳሽ አስቀምጠው። ለቀለሙም ድፍን ጥቁር ሳይሆን እጅግ የጠቆረ ግራጫ ይሻላል፤ በዚህ መጠን ድፍኑ ዝርዝሩን ይውጠዋል።

መልስ 3፦ ብዙ ሰው የሚስተው ፕሮፔለሩን ነው። የመጀመሪያው ቱካኖ፣ የብራዚሉ ኤምብራየር፣ ፒቲ6 ሞተርና ሦስት ምላጭ አለው፤ ሞተሩ ሲጠፋ የዘይት ግፊቱ ስለሚወርድ ምላጮቹ ጠርዛቸውን ወደ ፊት ያዞራሉ። የእንግሊዙ የሾርት ሞተር ግን ጋሬት ቲፒኢ331 ነው፣ አራት ምላጭ፤ ቆሞ ሳለ መቆለፊያው ጠፍጣፋ ያደርጋቸዋል። የጭስ መውጫውም አንድ ብቻ፣ በቀኝ በኩል። የኤምብራየር ፎቶ እያየህ እንዳትሠራ።