ፋርጎ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ «ጎርፍ ይመጣል» የሚባለው ለምንድን ነው?

የደቻቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ባለፈው ሐምሌ እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ፣ ፋርጎ ከተማ፣ ከሬድ ሪቨር ወንዝ ብዙም በማይርቅ ሰፈር ቤት ገዝተን ገባን። ቤቱ ቤዝመንት (ከመሬት በታች ያለ ክፍል) ያለው ሲሆን የጤፍ ከረጢቶቻችን፣ በርበሬና እንጀራ የምናስቀምጥበት ፍሪዘር፣ የልብስ ማጠቢያው ሁሉ እዚያ ነው ያለው። ሰሞኑን አንድ አዛውንት ጎረቤታችን በረዶ ሲጠርጉ አገኙኝና «ዘንድሮ ወንዙ ይወጣል፤ ቤዝመንታችሁን ከአሁኑ አስቡበት» አሉኝ። ሄጄ ባየው ወንዙ ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኖ ረግቷል። ዝናብ የሚባል ነገር ካየንም ወራት አልፈዋል።

እኔ ያደግሁት ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ እዚያው ነበርኩ። ለእኔ ጎርፍ ማለት በሌሊት እየጮኸ የሚደርስ፣ ሲነጋ አሸዋና ጭቃ ጥሎ የሚሄድ ነገር ነው እንጂ ከሳምንታት በፊት ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ አይደለም። ሽማግሌው የሚሉት እውነት ነው ወይስ የዕድሜ ስጋት? እውነት ከሆነስ የቤት ኢንሹራንሳችን ይሸፍነዋል? ብድሩን የሰጠን ባንክ ቤቱ የጎርፍ ቀጠና ውስጥ ስላልሆነ የተለየ ኢንሹራንስ አያስፈልግም ብሎን ነበር።

ውኃ ለኪው

እህቴ፣ የደቻቱ ዳር ልጅ ይህን ለመረዳት ከማንም የቀረበች ናት። ደቻቱ የሚሞላው ከተማው ላይ በዘነበው ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው በላይ በደንገጎ በኩል ባለው ተራራ ላይ ዘንቦ በሚወርደው ነው። የፋርጎ ደንገጎ ደግሞ አሁን በመስኮትሽ የሚታይሽ በረዶ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የወረደው አልሄደም፣ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሙቀት ይጠብቃል።

በሥራዬ የወንዝ መጠን የምከታተል ሰው ስለሆንኩ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፤ የበረዶውን ከፍታ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። አዲስ የወረደ አሥር ኢንች በረዶ ሲቀልጥ በግምት አንድ ኢንች ውኃ ይወጣዋል፤ የብርዱን ወራት ሙሉ ተጭኖ የከረመው ግን ከዚያ እጅግ የበለጠ ውኃ ይይዛል። ሁለተኛው ጉዳይ መሬቱ ነው። መስከረምና ጥቅምት ዝናባማ ሆነው አፈሩ እንደራሰ ብርዱ ከያዘው፣ ያ ውርጭ የመታው መሬት በመጋቢት ከሲሚንቶ አይለይም፣ የቀለጠውን ውኃ አያሰርግም።

ሦስተኛው የሬድ ሪቨር የራሱ ጠባይ ነው። ወንዙ የሚፈሰው ወደ ሰሜን፣ ወደ ካናዳው ዊኒፔግ ሐይቅ ስለሆነ በደቡብ ያለው በረዶ ቀድሞ ይቀልጥና፣ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ሰሜኑ ገና እንደረጋ ያገኘዋል። የተሰባበረው በረዶ በየመታጠፊያው ተከማችቶ ይዘጋዋል። ሸለቆ ብለው ይጥሩት እንጂ ቦታው የጥንቱ የአጋሲዝ ሐይቅ ወለል ስለሆነ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ነው፤ ወንዙ በአንድ ማይል አንድ ጫማ እንኳ አይወርድም። ስለዚህ ከዳርቻው የወጣ ውኃ አይሮጥም፤ ወደ ጎን እየሰፋ ለሳምንታት ይተኛል።

በዚህ ላይ የጸደይ ዝናብና ነጎድጓድ ከተጨመረ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በማርች 2019 ነብራስካ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በረዶ በለበሰና ውርጭ በያዘው መሬት ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፣ በረዶውን በአንዴ አቀለጠው፣ ኒዮብራራ ወንዝም መኪና የሚያካክሉ የበረዶ ንጣፎችን እየገፋ ማርች 14 ቀን የስፔንሰርን ግድብ ይዞት ሄደ። ያ እንደ ደቻቱ ፈጣን ነበር። ጎረቤትሽ የሚፈሩት ግን ቀርፋፋውን ነው።

ግራንድ ፎርክስ የነበርኩ

ውኃ ለኪው በተናገሩት ላይ የትንበያውን ጉዳይ ልጨምር፤ እርስዎ «ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ» ያሉት ቀጠሮውን ሁልጊዜ አያከብርም። እ.ኤ.አ. በ1997 እኔ ከፋርጎ በስተሰሜን ባለችው ግራንድ ፎርክስ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ የብርድ ወቅት ስምንት ብሊዛርድ (ነፋስ የቀላቀለ ከባድ የበረዶ ውሽንፍር) ወርዶብናል፤ የከተማው ጋዜጣ በፊደል ተራ ስም ሲያወጣላቸው ከርሞ በኤፕሪል መጀመሪያ «ሃና» ላይ ደርሶ ነበር። የአየር ሁኔታ አገልግሎቱ ወንዙ 49 ጫማ ይደርሳል አለ። እኛም እስከ 52 ጫማ የሚመክት የአፈርና የአሸዋ ከረጢት ግድብ ሠርተን ሦስት ጫማ ትርፍ አለን ብለን ተኛን። ውኃው 54.35 ጫማ ደረሰ።

ከ50,000 የማያንስ ሕዝብ ከተማውን ለቆ ወጣ። ኤፕሪል 19 ቀን ደግሞ በውኃ የተዋጠው የከተማው መሀል እሳት ተነሥቶበት 11 ሕንፃዎች ተቃጠሉ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወገባቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ቆመው የሚረጩት ውኃ ማጣታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያን ጊዜ ዊኒፔግ የተረፈችው እ.ኤ.አ. በ1968 ተሠርቶ ባለቀው 47 ኪሎ ሜትር የውኃ ማስቀየሻ ቦይ ምክንያት ነው። ሲቆፈር ገንዘብ ማባከን ነው እየተባለ ብዙ ተቀልዶበት ነበር።

ስለዚህ ትንበያውን ይከታተሉ፣ ነገር ግን የተነገረውን ቁጥር እንደ ጣሪያ አይዩት። ፋርጎ ላይ ወንዙ ጎርፍ ጀመረ የሚባለው 18 ጫማ ሲደርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2009፣ ማርች 28 ቀን 40.84 ጫማ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ከረጢት ለመደርደር መጥቼ ነበር። ከረጢቱ ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ጢም ካለ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፣ ከጎኑ ካለው ጋርም አይገጥምም። ብርዱ በርትቶ ስለነበር ያልተደረደረው ከረጢት ባለበት እየረጋ፣ መሬት ላይ እየጣልን ስንሰብረው ነው ያደርነው። ደግነቱ ያው ብርድ መቅለጡን አዘግይቶልናል። ከተማው ከዚያ ወዲህ ብዙ ግድብ ሠርቷል፤ የ30 ማይል ማስቀየሻ ቦይም ጀምሯል። የእርስዎ ቤዝመንት ግን ወንዙ ሳይደርስበትም ከታች ሊሞላ ይችላል።

እማማ ዘውዴ

ልጄ፣ የኢንሹራንሱን እኔ ልመልስልሽ፤ ከፍዬ ነው የተማርኩት። መደበኛው የቤት ኢንሹራንስ ጎርፍ አይሸፍንም። የጎርፉ ለብቻው የሚገዛ ሲሆን፣ በመንግሥት ፕሮግራም በኩል ሲሆን ለቤቱ እስከ 250,000፣ ለዕቃ እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል። የዕቃው ክፍል ለብቻው ስለሚገዛ እንዳትረሺው። ከቀጠናው ውጪ ናችሁ ያላችሁ ባንክ አልዋሸም፣ አያስገድዳችሁም ማለቱ ብቻ ነው፤ ውኃው ግን ካርታ አያነብም። ዋናው ነገር ከገዛሽበት ቀን 30 ቀን ሳይሞላ አይሠራም። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን ለመጪው ዓመት ነው የሚከፍለው።

የእኔ ጉዳት ደግሞ ሌላ ነበር። ወንዙ ቤቴ አልደረሰም፤ ውኃው የወጣው ከቤዝመንቱ ወለል ከፍሳሽ ማስወገጃው ቀዳዳ ነው። የቤት ኢንሹራንሴ ኩባንያ «የፍሳሽ መመለስ ተጨማሪ አልገዛሽም» (ፍሳሽ ወደ ቤት ሲመለስ የሚከፍለውን ተጨማሪ ሽፋን ማለቱ ነው) አለኝና ቤሳቤስቲን አልከፈለኝም። ወኪሉ ውሉን ሲያስፈርመኝ ስለዚህ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያ ተጨማሪ በዓመት የሚጠይቀው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል። በወኪልሽ ዘንድ በስሙ ጠይቂ። የጎርፉ ኢንሹራንስም ቢሆን ቤዝመንት ላይ ንፉግ ነው፤ ማሞቂያውን፣ የውኃ ቦይለሩን፣ ማጠቢያውንና ፍሪዘሩን ያያል እንጂ ምንጣፍና ሶፋ አያይም። ጤፍሽን ከአሁኑ ወደ ላይ አውጪ።

የደቻቱ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማማ እንዳሉት ወኪሉን በስሙ ጠይቄ የፍሳሹን ጨምሬአለሁ፤ ለጎርፉም ፌብሩዋሪ 25 ቀን ፈርመናል። የቤዝመንቱ ጥግ ጉድጓድ ውስጥ ያለው፣ የሚገባውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ ለካ ከገባን ጀምሮ ገመዱ አልተሰካም ነበር፤ ባለቤቴ ሰክቶ አንድ ባልዲ ውኃ ሲያፈስበት ሠራ። መብራት ከጠፋ ግን እሱም አብሮ ስለሚቆም ባትሪ ያለው ልንጨምር ነው። ጤፉ ሳሎን ገብቷል።

ሠላሳው ቀን የሚሞላው ማርች 27 ነው። ወንድሜ በ2009 ወንዙ ጫፍ የደረሰው ማርች 28 ነው ያልከውን ካነበብኩ ወዲህ በየጠዋቱ የድልድዩን መለኪያ እያየሁ ነው ሥራ የምገባው። ዛሬ በረዶው ላይ የሚሄድ ሰው አልነበረም።