ሳነቴ ላይ ብቻን ማደር

ጥያቄ፦ ኅዳር ላይ ባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ ሁለት ሌሊት በድንኳን ብቻዬን ለማደር አስቤያለሁ። የምፈልገው ዝምታውን ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዝምታውስ ልብ ያሳርፋል። ጠዋት ከጅብራው ሥር፣ ፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ቀይ ቀበሮ ጆሮውን ቀስሮ ሲያደፍጥ ታያለህ። ግን ከፍታው 4,000 ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ወጥተህ በቀጥታ እዚያ አትደር። ዲንሾ ሁለት ሌሊት ሰንብት፣ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣብህ ከዚያ በላይ አትውጣ። እየተንገዳገድክ ከሆነ ወይም ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሌሊትም ቢሆን ውረድ። የብቻ ጉዞ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፦ ሕመሙ ማመዛዘንን ያደበዝዛል፣ "ደህና አይደለህም" የሚልህ ሰው ደግሞ አጠገብህ የለም።

መልስ፦ በኅዳር ሰማዩ ስለሚጠራ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ውኃ በረዶ መሥራት የሚጀምረው ከላይ ነውና ጠርሙሱን ዘቅዝቀው፤ ስልክህ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይደር፣ ብርድ ባትሪ ይጨርሳል። እዚያ ውኃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር አይበስልልህም፣ በሶ ያዝ። ድንኳን ውስጥ ከሰል ፈጽሞ አታያይዝ!

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስጎብኚ ያዝ። ድንኳኑን 200 ሜትር ርቆ ቢተክል ዝምታህ አይነካም። ጉም ከወረደ ባለህበት ቁጭ በል። የእረኛ ውሻ ከነከሰህ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ እጠበውና በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ወደ ጎባ ሆስፒታል ውረድ።